ከመቶ ሕፃን 108 ሲከተብ፦ የጤና መረጃ ሥርዓት እንዴት ይገመገማል?

ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ገብታችሁ ግድግዳውን ብታዩ ቻርት በቻርት ነው። ከቻርቶቹ በአንዱ ላይ የክትባት ሽፋን 108 በመቶ የሚል ብታገኙ አይግረማችሁ፤ ብርቅ አይደለም። ሪፖርቱ በሰዓቱ ደርሷል። ቅጹ ላይ ባዶ የቀረ ቦታ የለም። ኮምፒውተሩም ትንፍሽ ሳይል ተቀብሎታል። ታዲያ ከመቶ ሕፃን 108 እንዴት ይከተባል?

አንዱ ምክንያት ቆጠራው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የየወረዳው ሕዝብ ብዛት የሚታወቀው በስሌት ነው፤ ዘንድሮ ስንት ሕፃን ይወለዳል የሚለውም ከዚያው ስሌት ይወጣል። ሰው ደግሞ ስሌት አይጠብቅም። ይፈልሳል፣ ይፈናቀላል፣ ከተማ ዳር አዲስ ሰፈር ይመሠርታል። ስለዚህ ወረቀት ላይ መቶ ሕፃን ያለበት ቀበሌ በተግባር ከዚያ በጣም የበዛ ሊኖረው ይችላል። ሌላው ምክንያት የተከተቡት ቁጥር ራሱ ነው፦ ሁለቴ የተቆጠረ አለ፣ ከጎረቤት ወረዳ መጥቶ የተከተበ አለ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደግሞ እቅድ ለመሙላት የተጨመረም አለ።

እንዲህ ያለውን ሥርዓት «ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ መመዘን ከሩቅ ሲያዩት ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። ብዙ ሰው የጤና መረጃ ሥርዓት ሲባል ኮምፒውተሩን ብቻ ያስባል። ኔትወርክ ሲቋረጥ «ሲስተም የለም» ይባላል፣ እኛም አምነን ወደ ቤታችን እንመለሳለን። ሥርዓቱ ግን የሚጀምረው ጤና ኬላ ውስጥ መዝገብ ላይ ከምትጽፈው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነው። ከመዝገቡ ወደ ታሊ (መቁጠሪያ ቅጽ)፣ ከታሊው ወደ ወርኃዊ ሪፖርት ይሄዳል። በነገራችን ላይ የሪፖርት ወር ከ21 እስከ 20 ነው የሚቆጠረው፤ ባለሙያዎቹ በየወሩ 20 ሲደርስ የሚጨናነቁት ለዚህ ነው። ከዚያ ዲኤችአይኤስ 2 ላይ ይጫናል። ይህ ሶፍትዌር መነሻው ከአፓርታይድ በኋላ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ናት፤ ዛሬ ልማቱን የሚመራው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ትሠራበታለች። የመጨረሻው ጫፍ ላይ ደግሞ ቁጥሩን አይቶ አንድ ነገር የሚወስን ሰው ይኖራል። ወይም መኖር ነበረበት። እኔ እንደማየው ግምገማዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ይህንን የመጨረሻ ሰው ነው፤ ከማሽኑና ከቅጹ ጋር ሲታገሉ ውለው «ለመሆኑ ይሄ ቁጥር ያስቀየረው ውሳኔ አለ?» ሳይሉ ይቀራሉ።

ከቀላሉ እንጀምር። ሪፖርት መምጣት ካለባቸው ተቋማት ስንቶቹ ላኩ? ስንቶቹስ በሰዓቱ ላኩ? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሙሉነትና ወቅታዊነት ይባላሉ። አዲስ አበባ ቢሮ ቁጭ ብሎ በአንድ ጠቅታ መልሳቸውን ማግኘት ይቻላል። ስለሚቀልሉም ነው በየስብሰባው የሚቀርቡት። ጥቅም የላቸውም ማለቴ አይደለም፤ ያልመጣ ሪፖርት ላይ ማውራት አይቻልም። ነገር ግን ባዶ ቅጽም በሰዓቱ ሊላክ ይችላል፣ የፈጠራ ቁጥርም እንዲሁ።

ትንሽ ከፍ ስንል ሲስተሙ ራሱ ከራሱ ጋር ይጣላ እንደሆነ እናያለን። ፔንታ አምስት በሽታ የሚከላከል፣ ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ክትባት ነው፤ ሦስተኛውን የወሰዱ ሕፃናት መጀመሪያውን ከወሰዱት ሊበልጡ አይገባም። አራተኛ የእርግዝና ክትትል ያደረጉ እናቶችም አንደኛውን ካደረጉት ሊበዙ አይችሉም፤ ለአንድ ወር ሊሆን ይችላል፣ በዓመት ድምር ላይ ግን አንድ ነገር ሸትቷል ማለት ነው። ሶፍትዌሩ እንዲህ ያለውን ግጭት እንዲይዝ ሕግ ይሰጠዋል። ከወር ወር ድንገት ሽቅብ የተተኮሰ ቁጥርም ይታያል። የደም ግፊት መዝገብ ላይ ደግሞ ሁሉም ልኬት በዜሮ የሚያልቅ ከሆነ ለካው የተባለው ሰው ወይ አጠጋግቷል ወይ ጭራሽ አለካም።

ቀጣዩ እርምጃ እግር ይፈልጋል። ተቋሙ ድረስ ሄዶ መዝገቡን ገልጦ እንደገና መቁጠር። በኢትዮጵያ ጤና ተቋማት ይህ ሥራ በየወሩ በራሳቸው በባለሙያዎቹ እንዲሠራ ነው የተቀረጸው፤ ኤልኩዋስ ይሉታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ከሪፖርቱ 12 ቁጥሮች በዕጣ ይመረጣሉ፣ እያንዳንዱ ከመዝገቡ እንደገና ይቆጠራል፣ ከ12ቱ ስንቱ እንደተገጣጠመ ይታይና ከተዘጋጀ ሠንጠረዥ ላይ የሪፖርቱ ትክክለኛነት ስንት በመቶ እንደሆነ ይነበባል። ሁሉንም መቁጠር ሳያስፈልግ ግምት መስጠት መቻሉ ነው ውበቱ። ከውጭ የሚመጡ ገምጋሚዎች ደግሞ ከመዝገብ የቆጠሩትን ለሪፖርቱ ያካፍላሉ። ሪፖርቱ 100 ወላዶች ብሎ መዝገቡ ላይ 80 ከተገኙ ውጤቱ 0.8 ነው። ከ0.9 እስከ 1.1 ያለው አብዛኛውን ጊዜ ይታለፋል፣ ከዚያ የወጣ ምክንያት ይጠየቅበታል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንዱ ጤና ጣቢያ ሃያ ጨምሮ ሌላው ሃያ ቀንሶ ሪፖርት ቢያደርግ የወረዳው ድምር ቁልጭ ያለ ትክክል ይመስላል። ግምገማው የወረዳውን አማካይ ብቻ ካሳያችሁ ሁለት ስህተቶች ተቃቅፈው እንደሚተኙ አስቡ። በየተቋሙ ያለውን ልዩነት ጠይቁ።

ሌላ፣ ከዚህ የባሰም አለ። ሪፖርቱና መዝገቡ ተስማሙ ማለት ሕፃኑ ተከተበ ማለት አይደለም። መዝገቡ ራሱ ስህተት ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ ቤት ለቤት መሄድ፣ እናትየዋን ማነጋገር፣ ካርዱን ማየት ይጠይቃል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሦስተኛውን ፔንታ ያገኙት ከ12 እስከ 23 ወር ያሉ ሕፃናት 53 በመቶ ገደማ መሆናቸውን አገኘ። በዚያን ጊዜ ከጤና ተቋማት ይመጣ የነበረው ሽፋን ከዚህ እጅግ ከፍ ያለ ነበር። የቱ ነው እውነቱ? ጥናቱም እንከን አለበት፤ ካርድ ስትጠፋ የእናት ትዝታ ላይ ይደገፋል፣ በዓመታት አንዴ ነው የሚመጣው፣ ስለ አንድ ወረዳ ለብቻው ምንም አይነግራችሁም። ነገር ግን ሁለቱ ቁጥሮች እንዲህ ሲራራቁ «የእኛ ሪፖርት ነው ልክ» ብሎ ማለፍ ራስን ማታለል ነው የሚሆነው።

እስካሁን ያየነው «ቁጥሩ ልክ ነው ወይ?» ነው። «ለምን ልክ አልሆነም?» ሲባል ሌላ ዓይነት ግምገማ ይመጣል። በብዙ አገሮች፣ በእኛም አገር ደጋግሞ የተሠራበት ፕሪዝም የሚባል ማዕቀፍ አለ። መነሻ ሐሳቡ፣ መጥፎ ዳታ ከሦስት አቅጣጫ ይመጣል ይላል። ቅጹ ወይም ሶፍትዌሩ የተወሳሰበ ሊሆን ይችላል። መሥሪያ ቤቱ ሊሆን ይችላል፦ ድጋፋዊ ክትትል የለም፣ ግብረ መልስ አይሰጥም፣ ወረቀት መግዣ በጀት የለም። ወይም ደግሞ ሰውየው ራሱ፦ ችሎታው፣ በራሱ መተማመኑ፣ ሞራሉ።

ከፕሪዝም መጠይቆች አንዱን በጣም እወደዋለሁ። በመጀመሪያ ባለሙያውን «ሽፋን ማስላት ትችላለህ? ግራፍ መሥራትስ? ግራፉን አይተህ መተርጎምስ?» ብሎ ለራሱ ነጥብ እንዲሰጥ ያደርጋል። ገጹ ሲገለጥ እውነተኛ ሒሳብ ይመጣል፤ በል አሁን ሥራው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ብዙ ይናገራል። ሰውየው «እችላለሁ» ብሎ ካልቻለ ሥልጠና መጠየቅም አይመጣለትም፤ ችግሩ እንዳለበት አያውቅማ። የኛ አገር ሥልጠና ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማን እንደሚያስፈልገው ተለይቶ ሳይሆን ተራ የማን እንደሆነ ታይቶ ነው፤ አበል ያለበት ነገር ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ።

ፕሪዝም የመረጃ አጠቃቀምንም ይመዝናል። እንዴት? የስብሰባ ቃለ ጉባኤ በማየት። በእኛ ተቋማት በየወሩ ተሰብስቦ አፈጻጸም የሚገመግም ቡድን አለ። ገምጋሚው ቃለ ጉባኤውን ገልጦ ይጠይቃል፦ ዳታ ቀረበ? በዳታው ላይ ውይይት ተደረገ? ውሳኔ ተወሰነ? በሚቀጥለው ወር ያ ውሳኔ መፈጸሙ ታየ? ሐሳቡ ግሩም ነው። ችግሩ ቃለ ጉባኤ የሦስት ወሩ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጻፍ ይችላል፤ ሱፐርቪዥን ነገ ይመጣል የተባለ ዕለት ማለት ነው። ስለዚህ ጎበዝ ገምጋሚ ወረቀቱ ላይ አይቆምም። «ባለፈው ወር ዳታ አይታችሁ የቀየራችሁትን አንድ ነገር ንገሩኝ» ይላል፤ «የወባ ቁጥር ሲጨምር አይተን መድኃኒት ቀድመን ጠየቅን» የሚል መልስ ካገኘ ደግሞ የመድኃኒቱን መጠየቂያ ቅጽ ከነቀኑ ያወጣል።

በ2008 ዓ.ም. የጀመረው የጤና ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን እቅድ «የመረጃ አብዮት»ን ከአራቱ ዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎት ነበር። ከዚያ ተከትሎ ወረዳዎችን በመረጃ ጥራትና አጠቃቀም መዝኖ ደረጃ የሚሰጥ አሠራር መጣ፤ ከጀማሪ ተነስቶ ሞዴል እስከ መባል የሚያደርስ። በዚህ ላይ ሁለት ልብ ነኝ። ደረጃ መስጠት ሰውን ያነቃቃል፣ ዩኒቨርሲቲዎችም ወረዳ ድረስ ወርደው እንዲያግዙ በር ከፍቷል። ግን ደረጃው ሽልማትና ወቀሳ ሲከተለው ዳታው ራሱ ለደረጃው ሲባል መዘጋጀት ይጀምራል። የምትለካው ሰው የምትለካበትን ካወቀና ውጤቱ እንጀራው ላይ የሚመጣበት ከሆነ መለኪያውን ነው የሚያሳምረው። ይህ የኢትዮጵያ ችግር ብቻ አይደለም፤ የትም አለ።

አሁን ወደ ሌላ ዓይነት ሥርዓት እንሂድ፤ ሪፖርት የሚልክ ሳይሆን ሐኪሙ በየደቂቃው የሚሠራበት፣ መድኃኒት የሚያዝበት ኤሌክትሮኒክ ሲስተም። እዚህ ግምገማ ሲበላሽ ወይም ሳይሠራ ሲቀር አደጋ ላይ የሚወድቀው የሰው ሕይወት ነው።

በፒትስበርግ ከተማ፣ አሜሪካ፣ የሕፃናት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2002 የመድኃኒትና የምርመራ ትዕዛዝ በኮምፒውተር ብቻ እንዲሰጥ አደረገ። የታሰበው የእጅ ጽሑፍ ስህተት እንዲቀርና ደኅንነት እንዲጨምር ነበር። ከሌላ ሆስፒታል ተልከው የመጡ የ1,942 ሕፃናትን መረጃ ይዘው፣ ሐኪሞች ከለውጡ በፊት የነበሩትን 13 ወራት ከለውጡ በኋላ ከነበሩት 5 ወራት ጋር አነጻጸሩ። የሞት መጠኑ ከ2.80 በመቶ ወደ 6.57 በመቶ አድጎ ተገኘ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲታተም ትልቅ ንውጽውጽታ ፈጠረ።

ምን ነበር የሆነው? ድሮ አምቡላንሱ እየመጣ እያለ መድኃኒቱ ይታዘዝና ይዘጋጅ ነበር። አዲሱ ሲስተም ግን ሕፃኑ ደርሶ፣ ተመዝግቦ፣ ስሙ እስካልገባ ድረስ ትዕዛዝ አልቀበልም አለ። በወረቀት ሰከንዶች ይፈጅ የነበረ አንድ ትዕዛዝ ብዙ ቦታ እየጫኑ እስከ አንድ ሁለት ደቂቃ ወሰደ። ክፍሉ ውስጥ ነርሷ እጅ ላይ የነበሩ መድኃኒቶች ወደ ማዕከላዊ ፋርማሲ ተዛወሩ። ሐኪሙ ከአልጋው ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ፣ ከነርሷ ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ቀነሰ። ለውጡ ደግሞ መላው ሆስፒታል ውስጥ በስድስት ቀን ነበር የተተገበረው።

በሲያትል ያለ ሌላ የሕፃናት ሆስፒታል ከዚያው አምራች የመጣውን ሲስተም አስገባ። እዚያ የጽኑ ሕሙማን ክፍል የሞት መጠን ከ4.22 ወደ 3.46 በመቶ ነው የሄደው፤ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን የአጋጣሚ ሊሆን የሚችል ነው፣ ቢያንስ ግን ጭማሪ የለም። ሲያትሎች በብዛት የሚታዘዙትን ነገሮች አስቀድመው በጥቅል አዘጋጅተው ነበር፤ ሐኪሙ አንድ በአንድ እየፈለገ እንዳይለቅም ማለት ነው።

ከዚህ ለግምገማ የሚወጣው ነገር ሰፊ ነው። «ይህ ሶፍትዌር ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። ሶፍትዌሩ፣ ሰዎቹ፣ የሥራ ቅደም ተከተሉና አገባቡ አንድ ላይ ነው የሚመዘኑት። በአንድ ሆስፒታል ታይቶ የተመሰገነ ሲስተም ገዝቶ «እዚያ ስለሠራ እዚህም ይሠራል» ማለት ቁማር ነው። በሌላ በኩል የፒትስበርጉ ጥናትም ፍጹም አይደለም። በፊትና በኋላን ብቻ ነው ያነጻጸረው። አብረው የተቀየሩ ነገሮች ነበሩ፣ የፋርማሲው ዝውውር አንዱ ነው፤ የትኛው ምን ያህል እንደጎዳ መለየት አይቻልም። የሲያትሉም ሕፃናት ከፒትስበርጎቹ ጋር አንድ ዓይነት አይደሉም። ገና ሥራውን በሚለማመዱበት በመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት መለካትም ፍርዱን ያከብደዋል፤ ለሞቱት ሕፃናት ግን ያ ጊዜ የመለማመጃ አልነበረም።

ቁጥር «ምን ሆነ?» ይላል እንጂ «እንዴት ሆነ?» ለማለት ሰው መከተል ያስፈልጋል። በዚያው በ2005 የታተመ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ጥናት እንዲህ አደረገ፤ ሐኪሞችንና ነርሶችን አነጋገሩ፣ በሥራቸው ላይ እየተከተሉ አዩ፣ ከዚያ መጠይቅ በተኑ። ስህተትን ይቀንሳል የተባለው ሲስተም 22 ዓይነት የመድኃኒት ስህተት የሚያመቻች ሆኖ ተገኘ። ለምሳሌ የአንዱን ታካሚ መድኃኒት ሙሉ ዝርዝር ለማየት ብዙ ስክሪን መገልበጥ ግድ ነበር። የፋርማሲው መጋዘን የሚይዘውን የመድኃኒት መጠን ሐኪሙ «መስጠት ያለብኝ ይሄ ነው» ብሎ ያነበዋል። ይሄን የትኛው ሪፖርት ያሳያችኋል? አንድም። ሰው ጠርዝ ላይ ቆሞ ማየት አለበት። እኛ አገር ታብሌት የያዘችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጽፋ ማታ ቤቷ ገብታ ወደ ታብሌቱ የምትገለብጥ ከሆነ ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ሰዓት ብቻ ነው የሚያሳብቅባት፤ ለምን እንዲህ እንደምታደርግ ግን አብሯት የዋለ ሰው ነው የሚያውቀው።

«ለውጡን ያመጣው ሲስተሙ ነው» ብሎ አፍን ሞልቶ ለመናገር ማነጻጸሪያ ቡድን ያስፈልጋል። ኬንያ ውስጥ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የጀመሩ 538 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለአንደኛው ወገን በየሳምንቱ በስልክ አጭር መልእክት ይላካል፣ «እንዴት ነህ?» የሚል በስዋሂሊ። ደህና ነኝ ወይም ችግር አለ ብለው ይመልሳሉ፤ ችግር ያለ ከሆነ ነርስ ትደውላለች። ሌላው ወገን እንደወትሮው ሕክምናውን ይከታተላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ ሲታተም መድኃኒታቸውን በአግባቡ እንወስዳለን ያሉት 62 በመቶ ለ50 ሆነ። «እወስዳለሁ» ማለት ቀላል ስለሆነ ደግሞ ደማቸው ታየ፤ ቫይረሱ የተገታላቸው 57 ለ48። እንዲህ ያለ ጥናት ገንዘብና ጊዜ ይበላል፣ ለሁሉም ነገር አይሠራም። ለአገር አቀፍ ሲስተም ግማሹን አገር በዕጣ ማስቀረት አይቻልም። የሚቻለው ሥርጭቱ የማይቀር በመሆኑ ተራውን በዕጣ ማውጣት ነው፦ ዘንድሮ የጀመሩት ወረዳዎች ገና ካልጀመሩት ጋር ይነጻጸራሉ። ሥርጭት ሁሌም ደረጃ በደረጃ ነው፤ ዕጣ ማውጣቱ ብቻ ነው የሚጎድለው፣ ወጪውም ብዙ አይደለም።

ስለ ወጪ ካነሳን፣ ግምገማ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው ይሄ ነው። ለጋሽ የገዛው ታብሌት ዋጋ ይጻፋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲሰበር ማን ይተካዋል? ኢንተርኔቱንስ ማን ይከፍላል? ወረቀቱና ታብሌቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ የሚጠፋው የባለሙያ ሰዓትስ የት ተቆጠረ? ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 አዳዲስ የዲጂታል ጤና ሙከራዎችን በይፋ ያገደችው የማይነጋገሩ ትናንሽ ፓይለቶች አገሩን ስላጥለቀለቁት ነው። እያንዳንዱ ፓይለት የራሱ ጥሩ ግምገማ ነበረው ብሎ መገመት አይከብድም፤ ፓይለት በራሱ ሰዎች ሲገመገም የወደቀ አይታይማ።

ስለዚህ እጃችሁ ላይ የግምገማ ሪፖርት ሲገባ ማን እንዳሠራው፣ ማን እንደከፈለ ቀድማችሁ እዩ። ሶፍትዌሩን የሠራው ድርጅት ራሱን ገምግሞ 90 በመቶ እርካታ አገኘሁ ቢል የተጠየቁት እነማን ናቸው? ሲስተሙን ትተውት የሄዱትስ ተጠይቀዋል?

እናንተ ራሳችሁ ግምገማ የምታሠሩ ከሆነ ደግሞ ሥራው የሚጀመረው ሲስተሙ ከመግባቱ በፊት ነው። አንድ ታካሚ ካርድ ክፍል ስንት ደቂቃ ይቆማል? የላብራቶሪ ውጤት ለሐኪሙ በስንት ሰዓት ይደርሳል? ከ12ቱ ቁጥሮች ዛሬ ስንቱ ይገጣጠማል? እነዚህን አሁን፣ በወረቀቱ ዘመን፣ ለክታችሁ አስቀምጡ። ካርድ ክፍሉ ፈርሶ ሰርቨር ከተተከለበት በኋላ ድሮ ስንት ደቂቃ ይፈጅ እንደነበር ብትጠይቁ የምታገኙት የሰዎችን ትዝታ ብቻ ነው፤ ሲስተሙን የሚወዱት «ግማሽ ቀን» ይሏችኋል፣ የማይወዱት ደግሞ «አምስት ደቂቃ»።